የኔሩዳን ኮንቸርቶ ስትነፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትራምፔት የሚማር ሰው ከሃይድንና ከሁመል ኮንቸርቶዎች (ብቸኛ ነፊ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወታቸው ሥራዎች) ሌላ ዞሮ ዞሮ እጁ የሚገባው አንድ ሥራ አለ፦ የዮሐን ባፕቲስት ጌዮርግ ኔሩዳ ኮንቸርቶ በኢ ፍላት ሜጀር። ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። አሌግሮ (ፈጣን)፣ ላርጎ (ዝግ ያለ)፣ ቪቫቼ (ሞቅ ያለ) የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አጃቢዎቹም የክር መሣሪያዎችና ሃርፕሲኮርድ (የፒያኖ ቀዳሚ የሆነ ባለ ክር ኪቦርድ) ብቻ ናቸው። ኖታውን ያየ ሁሉ ቀላል ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ራሴ ስነፋውና ተማሪዎች ሲነፉት ስሰማ ደጋግመው ያጋጠሙኝን ስህተቶች ከዚህ በታች አንድ በአንድ አነሣለሁ። አብዛኞቹ የመጀመሪያው ልጆች ስለሆኑ እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለትራምፔት የተጻፈ ነው ብሎ መነሣት

አልተጻፈም። ኔሩዳ ለብቸኛው ነፊ ያሰበው መሣሪያ «ኮርኖ ዳ ካቻ» ነው፤ የአደን ቀንድ ማለት ነው፣ የዛሬው ሆርን አባት። ሰውዬው የቦሂሚያ ተወላጅ ነው፣ የዛሬዋ ቼክ። የተወለደው 1708 ገደማ ሲሆን ፕራግ ውስጥ ቫዮሊን ሲጫወት ቆይቶ ወደ ድሬስደን ተሻገረ፤ ከ1750 ገደማ ጀምሮም በሳክሶኒው መስፍን ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ ኮንሰርት ማስተር (የቫዮሊኖቹ መሪ) ሆነ።

ቦሂሚያ ደግሞ የሆርን አገር ናት። ሽፖርክ የሚባል የዚያ አገር መኳንንት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ አገልጋዮቹን ፈረንሳይ ልኮ የአደን ቀንድ አነፋፍ ካስለመዳቸው ወዲህ፣ የቦሂሚያ ነፊዎች በየቤተ መንግሥቱ ተፈላጊ ሆኑ። ድሬስደን ውስጥ በዚያው ኦርኬስትራ የነበረው አንቶን ዮሴፍ ሃምፔልም ከዚህ ወገን ነው። እጅን በሆርኑ ሰፊ አፍ ውስጥ አስገብቶ ድምፅን የማለዘብና ከፍ ዝቅ የማድረግ ዘዴን ሥርዓት ያስያዘው እሱ እንደሆነ ይነገራል። ኔሩዳ ይህን ኮንቸርቶ ሲጽፍ በዙሪያው እንዲህ ያሉ ነፊዎች ነበሩ።

በዚያን ዘመን ሆርኑም ትራምፔቱም ቫልቭ (በጣት ሲጫኑት የቱቦውን ርዝመት የሚለውጥ መጫኛ) አልነበራቸውም፤ ቫልቭ የመጣው በ1810ዎቹ ነው። ዜማ የሚሠራው በከንፈርና በትንፋሽ ብቻ ነበር። እምቢልታ ሲነፋ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ አንዱ እምቢልታ ያሉት ድምፆች ጥቂት ስለሆኑ ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ነው ዜማውን የሚሞሉት። ቫልቭ በሌለው ረጅም ቱቦም ታች ያሉት ድምፆች ተራርቀው ይቀመጣሉ። ወደ ላይ ሲወጣ ግን እየተቀራረቡ ይመጡና ከስምንተኛው በላይ እንደ መሰላል ይደረደራሉ። የኔሩዳ ብቸኛ ነፊ የሚኖረው እዚያ ላይ ነው። የኢ ፍላት ሆርን ቱቦ ከ4 ሜትር ይበልጣል፤ ነፊው በዚህ ረጅም ቱቦ ያን ከፍታ ሲነፋ የሚወጣው ድምፅ ክብና ለስላሳ ነው፣ ጠርዝ የለውም።

ትራምፔት በበኩሉ በዚያ አገር የጦርና የቤተ መንግሥት ሥርዓት መሣሪያ ነበር። ነፊዎቹ በ1623 ከንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መብት የተሰጠው ማኅበር ነበራቸው፤ የማኅበሩ ጠባቂም የሳክሶኒው መስፍን ራሱ ነበር። ስለዚህ ድሬስደን ተቀምጦ ስለ ትራምፔት የሚያስብ ደራሲ አዋጅና ነጋሪት ይታየዋል። ኔሩዳ ግን የሚዘፍን መሣሪያ ነው የፈለገው። እኛ ትራምፔት ነፊዎች ይህን ሥራ በውሰት ነው የያዝነው፤ የተዋሰ ሰው ደግሞ ዕቃውን እንደ ባለቤቱ በጥንቃቄ ይይዛል። ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት በኮርኖ ዳ ካቻ የተቀዳውን ፈልጋችሁ ስሙ። የድሬስደኑ ሉድቪግ ጉትለር ቫልቭ በተገጠመለት ዘመናዊ ኮርኖ ዳ ካቻ ይጫወት ነበር፤ ያን ድምፅ አንድ ጊዜ ጆሯችሁ ከያዘው የራሳችሁን ትራምፔት የምትሰሙበት መንገድ ይለወጣል።

የመጀመሪያዋን ኖታ መትቶ መግባት

ኦርኬስትራው መግቢያውን ተጫውቶ ሲያበቃ ብቸኛው ነፊ ይገባል። እኔ ይህን ቦታ ለረጅም ጊዜ እንደ ጥሩምባ ጥሪ ነበር የምነፋው፤ ደረቴን ነፍቼ፣ ምላሴን ጥርሴ ላይ አጥብቄ። አንድ ቀን መምህሬ አስቆመኝና ትራምፔቱን ወንበር ላይ እንዳስቀምጥ ነገረኝ። «በል ዝፈነው» አለኝ። አፈርኩ፤ ግን ዘፈንኩ። ቀጥሎ ያለኝን እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፦ «ስትዘፍን ‹ዳ› ትላለህ፤ ስትነፋ ግን ‹ጣ› እያልክ ነው።»

እውነቱን ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ምላስ «ጣ» ማለት ይቀናዋል፤ ድምፁ ፈንዳ ብሎ ይወጣል፣ ከኋላው የሚመጣው ትንፋሽ ግን ይቆረጣል። ማርሽ ለሚነፋ ሰው ይህ ጥቅም አለው። በኔሩዳ ላይ ግን ሐረጉን ይሰባብረዋል። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፣ እኔን ግን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፦ የመጀመሪያዎቹን አራት መስመሮች ያለ ምላስ፣ በትንፋሽ ብቻ «ሁ» እያላችሁ ንፉ። ድምፁ ይዘገያል፣ አንዳንዱ ኖታ እምቢ ይላል። ከንፈራችሁ ሳይጨናነቅ ሁሉም ኖታ ሲወጣ «ዳ»ን ጨምሩበት። «ጣ»ን ተዉት።

ከሃይድን ጋር መጨፍለቅ፣ ወይም ባሮክ ብሎ ማለፍ

ሃይድን የትራምፔት ኮንቸርቶውን የጻፈው በ1796 ነው፣ ሁመል ደግሞ በ1803። ሁለቱም የጻፉት ለአንቶን ቫይዲንገር ነው፤ ይህ የቪየና ነፊ ቱቦው ላይ ቀዳዳዎች ያሉት፣ በቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ትራምፔት ይዞ መጣ። በዚያ መሣሪያ ታች ያሉትን ድምፆች ደረጃ በደረጃ መንካት ተቻለ፤ የሃይድን ኮንቸርቶ የሚያበራውም በዚህ ነው። ኔሩዳ በልደት ከሃይድን 24 ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ ዓለሙም ሌላ ነው። ኦርኬስትራው ውስጥ ከበሮ የለም፣ ኦቦ የለም። ሃርፕሲኮርዱ አሁንም ከሥር ይደግፋል።

ይህን አይተው ባሮክ (ከዚያ የቀደመው ዘመን አጻጻፍ) ነው የሚሉም አሉ። ጆሮን የሚያሳስተው ሃርፕሲኮርዱ ይመስለኛል። ግን አድምጡት፦ ባሱ እንደ ባሮክ ከዜማው ጋር አይከራከርም፤ ቀለል ብሎ ይከተላል። ሐረጎቹ አጫጭር ናቸው፣ ጥያቄና መልስ ይመስላሉ፣ ዜማው ከሁሉም በላይ ይንሳፈፋል። በዘመኑ ጋላንት የሚባለው ይህ አጻጻፍ ነው። በተግባር ምን ማለት ነው? ለሃይድን የምታወጡትን ድምፅ ግማሹን አስቀሩት። አንድ ሐረግ ሲደገም በሁለተኛው ላይ ዝቅ በሉ። ከቫዮሊኖቹ በላይ ለመጮህ አትታገሉ፤ ኔሩዳ ራሱ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፣ ቫዮሊኖቹ ብቸኛውን ነፊ ሲያጅቡ ቦታ ይለቁለታል።

መሣሪያ ስለመምረጥም እዚሁ ልበል። አብዛኛው ሰው ኢ ፍላት ትራምፔት ይመርጣል፤ ኖታው በሲ ሜጀር ይጻፋል፣ ጣትም ይቀልላል። እኛ ዘንድ ግን ኢ ፍላት ትራምፔት እንደ ልብ አይገኝም። ያላችሁ ቢ ፍላት ብቻ ከሆነ አትዘኑ፤ በኤፍ ሜጀር ታነቡታላችሁ፣ ይከብዳል፣ ግን ድምፁ ጠቆር ስለሚል እንዲያውም ወደ ሆርኑ ይጠጋል። ፒኮሎ ትራምፔት ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም። ከፍታውን ያቀልላል፣ ክብነቱን ግን ይወስደዋል።

ኔሩዳዎችን ማምታታት

የፕሮግራም ወረቀት ላይ «ፍራንዝ ኔሩዳ» ተብሎ ሲታተም አይቻለሁ። ፍራንዝ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቼሎ ተጫዋችና ደራሲ ነው፤ የቫዮሊኒስቷ የቪልማ ኔሩዳ ወንድም። ያን ኔሩዳ ደግሞ የፕራግ ገጣሚና ጸሐፊ ነው፣ በ1834 የተወለደ። የቺሊውን ፓብሎ ኔሩዳን ሁሉም ያውቀዋል። የእኛው ሰው በጀርመንኛ ዮሐን ባፕቲስት ጌዮርግ፣ በቼክ ያን ክርቲቴል ዪርዢ ይባላል፤ ስሙ በሁለት ቋንቋ ቢጻፍም ሰውዬው አንድ ነው። ቅጂ ስትፈልጉም ወረቀት ስታሳትሙም ሙሉ ስሙን ጻፉ።

ላርጎውን እንደ ዕረፍት ማየት

ከአሌግሮው በኋላ ከንፈር ይደክማል፤ ላርጎ የሚለውን ቃል ሲያዩ ብዙዎች «እፎይ» ይላሉ። ከዚያ ወይ በጣም ያዘገዩታል፣ ወይ ድምፁን አቅም ያሳጡታል። ላርጎ ሰፊ ማለት ነው፣ የቆመ ማለት አይደለም። ሲዘገይ ሐረጉ ከትንፋሻችሁ ይረዝምና መሀል ላይ ትቆርጡታላችሁ። እኔ ፍጥነቱን የምወስነው እንዲህ ነው፦ ረጅሙን ሐረግ እዘፍነዋለሁ፤ ሳልቻኮል በአንድ ትንፋሽ የማደርስበት ፍጥነት የእኔ ላርጎ ነው። አጃቢዎቹ ሌላ ፍጥነት ይዘው ከመጡ ልምምድ ላይ ተነጋገሩ። ዝም ብላችሁ አትከተሉ።

አሌግሮው ላይ ጉልበት አለመጨረስም የዚሁ ጉዳይ ነው። ኦርኬስትራው ብቻውን በሚጫወትባቸው ቦታዎች ትራምፔቱን ከከንፈራችሁ አውርዱ። ማውዝፒሱን ከንፈር ላይ አስደግፎ መጠበቅ ደም ያግዳል፤ ቪቫቼው ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

አፖጃቱራውን ማጣደፍ

ከዋናው ኖታ ፊት በትንሹ የምትጻፈዋን ኖታ ብዙ ተማሪ እንደ ጭረት ያልፋታል። በዚያ ዘመን አጻጻፍ እሷ ላይ ነው ክብደቱ፤ ምቱ ላይ ትውላለች፣ ትደገፋለች፣ ከዚያ ለዋናው ኖታ ቀስ ብላ ትለቃለች። ትሪልም (ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን በፍጥነት ማፈራረቅ) ከላይኛው ኖታ ይጀምራል። የታተመው ቅጂ ላይ የምታዩት የማያያዣ መስመርና የድምፅ ምልክት ብዙው የአሳታሚው አስተያየት ነው፤ ካልተመቻችሁ በእርሳስ ለውጡት።

ካዴንዛውን ማስረዘም

ኔሩዳ ካዴንዛ ጽፎ አልተወልንም። ኦርኬስትራው ቆሞ ብቸኛው ነፊ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ፤ እዚያ የሚነፋውን ራሱ ያዘጋጃል። የዛሬ ነፊዎች እዚህ ቦታ ላይ የሚያውቁትን ሁሉ ያፈሳሉ፦ በግማሽ ድምፅ እየተራመደ የሚሄድ ክሮማቲክ ሩጫ፣ ሰማይ የሚነካ ኖታ፣ ከሃይድን የተቀነጨበ ሐረግ። ቫልቭ የሌለው ሆርን እነዚህን አብዛኞቹን ሊነፋ አይችልም።

የዘመኑ ሰው ምን እንዳለ የምናውቅበት ጥሩ ምስክር አለ። ዮሐን ዮአኪም ክቫንትስ እስከ 1741 ድሬስደን ውስጥ ዋሽንት ነፊ ነበር፤ በ1752 ባሳተመው የፍሉት መማሪያ ለድምፃዊም ሆነ ለትንፋሽ መሣሪያ የሚሠራ ካዴንዛ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ መሆን እንዳለበት ጽፏል። አንድ ትንፋሽ፤ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም።

የእኔ የመጀመሪያ ካዴንዛ አንድ ሙሉ ገጽ ነበር። ክቫንትስን ካነበብኩ በኋላ ከአሌግሮው ዜማ ሁለት ሐረግ ብቻ አስቀረሁ፤ አንዷ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ሌላዋ ተመልሳ ወርዳ ትሪሉ ላይ ትቆማለች። አሁንም ከኮንሰርት በፊት ባለው ቀን ቆሜ፣ ሆዴ ድረስ ትንፋሽ ስቤ እነፋታለሁ። ትሪሉ ጋ ሳልደርስ ትንፋሼ ካለቀ እርሳሴን አንሥቼ ሁለት ኖታ እሰርዛለሁ።