ድድ ሲደማ መፋቂያውን አታስቀምጡ

ሲፋቅ ድዱ የደማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የደማውን ቦታ መንካት ይተዋል። በሽታው የሚብሰውም ያኔ ነው። ድድን የሚያቆስለው ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚለጠፈው የባክቴሪያ ሽፋን ነው፤ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ በጥፍር ሲጫር የሚነሳ። በየቀኑ ካልተጠረገ ከምራቅ በሚያገኘው ካልሲየም በቀናት ውስጥ ይጠነክርና የጥርስ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ በብሩሽም በወይራም አይነሳም።

ጤነኛ ድድ ጠበቅ ያለ ነው፣ ሲፋቅም አይደማም። የታመመው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ግን መቅላቱን በመስታወት አያዩትም፣ ጥቁሩ ቀለም ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ደሙን፣ እብጠቱንና የአፍ ጠረኑን ይከታተሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ቢታመም ድዱ ብዙ ላይደማ ስለሚችል ደም አለማየቱ አያዘናጋው።

መፋቂያው የወይራ ከሆነ የእርሳስ ውፍረት ያለው እርጥብ ዘንግ ቁረጡ፣ ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡና ክሩ እንደ ብሩሽ እስኪበተን አኝኩት። የደረቀ እንጨት ድድ ይወጋል። ያገለገለውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጣችሁ ጣሉ። ብሩሽ ከሆነ ለስላሳውን ግዙ፣ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ታህል አድርጉበት፣ ፀጉሩ ሲንጋደድ ወይም ሦስት ወር ሲሞላው ቀይሩት። ፀጉሩን ወደ ድዱ መስመር አጋድላችሁ በትንንሹ አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ጥረጉ። ወደ ጎን እንደ መጋዝ መግፋት ድዱን ያሸሸዋል፣ ሥሩን ያራቁታል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ደቂቃ። ዘንጉ የፊቱን በደንብ ይጠርጋል፤ በምላስ በኩል ያለውን ገጽ ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ በተለይ የታችኛውን ፊት ጥርስ። ድንጋይ ቶሎ የሚጠራቀመውም እዚያ ነው። በማግስቱ የሚቆርብ ሰው ከውሃ የሚከለከልበት ሰዓት ሳይደርስ ማታ ፍቆ ይተኛ።

በጥርስ መሃል ያለውን ሽፋን ስቴኪኒ ሙሉ በሙሉ አያወጣውም፣ የጥርስ ክር ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ብቻ ድንገት ካበጠ መጀመሪያ እዚያ በክር ፈትሹ፤ የገብስ ቆሎ ቅርፊት ድድ ሥር ተሰክቶ እንዲህ ያደርጋል።

አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ፣ ትፉት። ቁስሉን ያስታግሳል እንጂ ሽፋኑን አያነሳም። ቅርንፉድ ያደነዝዛል እንጂ በሽታውን አያድንም። ነጭ ሽንኩርት ማስቀመጥና አረቄ መያዝ ግን ድዱን ያቃጥላል። ሜትሮኒዳዞል የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥም እንዲሁ ትርፍ የለውም፤ ድንጋዩ እስካለ ድረስ በሽታው ይመለሳል።

በደንብ እየፈቃችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላም ከደማ ድንጋይ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ከመንዝም ሆነ ከአንኮበር ለሌላ ጉዳይ ደብረ ብርሃን ስትሄዱ ድንጋዩ እንዲነሳላችሁ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ጥርስ አሳጥቡ። እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል የሚባለው የሚመጣው ድንጋዩ ሲነሳ የነበረው ክፍተት ስለሚታይ ነው፤ አጥንቱን የበላው በሽታው ነው፣ የተበላውም አጥንት በአብዛኛው አይመለስም። ከእጥበት በኋላ ጥቂት ቀናት ጥርስ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠዘጥዛል፣ ስለዚህ የደብረ ብርሃንን የማለዳ ውሃ ለብ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ከታዘዘ በታዘዘው ቀን ብቻ ያዙት፣ ሲቆይ ጥርስ ያጠቁራል።

ድድ በሌላ ምክንያትም ያብጣል፦ እርግዝና፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን። ለሐኪሙ ንገሩት፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። እርጉዝ ሴት ጥርሷን ሐኪም ዘንድ ማሳጠብ ትችላለች።

ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።