«ጉግል ላይ አንደኛ ነን» ከማለትዎ በፊት

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ለሚሸጡ አንዲት እናት ዌብሳይት ሠርቼላቸው ነበር። በወሩ ደወሉ።

«ልጄ፣ ጉግል ላይ አንደኛ ወጣን!»

«ምን ብለው ፈልገው ነው?»

«የሱቄን ስም ነዋ!»

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ የራስን ስም ጽፎ ራስን ማግኘት። የሱቅዎን ስም የሚያውቅ ሰው ድሮም ደንበኛዎ ነው። ደረጃ ገንዘብ የሚያመጣው የማያውቅዎት ሰው በሚጽፈው ቃል ላይ ሲሆን ነው። ዋሽንግተን ያለች ሙሽራ የእኚህን እናት ሱቅ ስም ከየት ታመጣዋለች? እሷ የምትጽፈው «የሐበሻ ቀሚስ ለሠርግ» ብላ ነው። እሱን ጽፌ እስከ አራተኛው ገጽ ወረድኩ። የለንም።

በራስ ስልክ ብቻ መፈተሽም ያታልላል። ጉግል ያሉበትን ቦታና ከዚህ በፊት የፈለጉትን ስለሚያይ፣ ለእርስዎ የሚያሳየው ለሌላው ከሚያሳየው ሊለይ ይችላል። ሰርች ኮንሶል የሚባል የራሱ የጉግል መሣሪያ አለ፤ በነጻ ነው። ሰዎች ምን ጽፈው እንዳዩዎት፣ ስንት ጊዜ እንደታዩና ስንት ጊዜ ክሊክ እንደተደረጉ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ታይተው ክሊክ የሚያደርግ ከጠፋ ፍለጋው ላይ የሚታየውን የገጽዎን ርዕስ ይመልከቱ። የእናታችን ገጽ ርዕስ «ሆም» ይል ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።

አማርኛ ላይ ደግሞ የፊደል ጣጣ አለ። ሐበሻ፣ ሀበሻ። ሠርግ፣ ሰርግ። እኛ ሁሉንም አንድ አድርገን እናነባለን፤ ማሽኑም እንደኛ ያነባል ብሎ መተማመን ግን አያዋጣም። ውጭ ያደጉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፉት። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ላይ ሙጭጭ አይበሉ። ርዕሱ ላይ አንዱን፣ ማብራሪያው ላይ ሌላውን፣ የፎቶው መግለጫ ላይ የላቲኑን መጠቀም ይቻላል። ሁሉንም አንድ አንቀጽ ውስጥ ማጨቅ ግን ሌላ ስህተት ነው፤ የሚያነበው ሰው ይሸሻል።

ዋጋና መጠን ፎቶ ላይ ብቻ መጻፍስ? ለቴሌግራም ያምራል። ለፍለጋ ግን በጽሑፍም ያስቀምጡት።

ዎርድፕሬስ የሚባለውን የዌብሳይት መሥሪያ የምትጠቀሙ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገጹን ከፍለጋ የምትደብቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ዌብሳይቱ እየተሠራ ሳለ ምልክት ተደርጎባት የምትረሳ ናት። አሁኑኑ ሄዳችሁ እዩዋት።

«በሁለት ሳምንት አንደኛ አደርግሃለሁ» ለሚል ሰው ብር አይክፈሉ። አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጉግል ራሱ ይናገራል። እንዲህ የሚሉት ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት ከየትም ዌብሳይት የተለቀመ፣ ወደ ገጽዎ የሚያመራ ሊንክ ነው። ጉግል በ2012 እ.ኤ.አ. ፔንግዊን ያለውን የደረጃ አሰጣጥ ለውጥ ያወጣው እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ለመምታት ነበር። ከገጹ ጀርባ የቃላት ዝርዝር ደርድሮ «ኪወርድ አስገባሁልህ» የሚልም አለ። ጉግል ያንን ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

በቅርቡ የእናታችንን ሰርች ኮንሶል ከፈትኩት። «የሐበሻ ቀሚስ ዋጋ» ብለው የሚፈልጉ ሰዎች እያዩን ነው፤ ክሊክም አለ። ገጹ ላይ ግን ዋጋ የለም። እንጻፍ ብላቸው እምቢ አሉ። «ይደውሉና እንነጋገራለን» ይላሉ። ዋሽንግተን ላይ ሰው ከሥራ ሲወጣ ሽሮ ሜዳ እኩለ ሌሊት ነው።