ሰማይ ላይ አለ፣ ካርታው ላይ የለም፦ የበረራ መከታተያ ችግርና መፍትሄ

ቀና ስትሉ አውሮፕላን አለ፤ ስልካችሁ ላይ የከፈታችሁት የበረራ ካርታ ግን ባዶ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ካርታው አናታችሁ ላይ አውሮፕላን ያስቀምጣል፣ ሰማዩ ጭር ብሏል። እንደ ፍላይትራዳር24፣ ፍላይትአዌር ወይም ኤዲኤስ-ቢ ኤክስቼንጅ ባሉ የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ለየት ያለ አውሮፕላን የሚፈልግ ሰው በሁለቱም ሳይበሳጭ አይቀርም።

መጀመሪያ መረጃው ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። አብዛኛው የራዳር ውጤት አይደለም። አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ አውቆ፣ ትራንስፖንደር በሚባል መሣሪያ አማካይነት በ1090 ሜጋኸርዝ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ያሰራጫል። ይህ ስርጭት ኤዲኤስ-ቢ ይባላል። የአንድ በጎ ፈቃደኛ አንቴና ይቀበለውና በኢንተርኔት ወደ መከታተያው ይልከዋል፤ መከታተያው ደግሞ ማሳየት የፈለገውን ያሳያል። ስለዚህ ከካርታው የጠፋ አውሮፕላን ወይ አልተናገረም፣ ወይ የሰማው የለም፣ ወይ ተሰምቶ ተደብቋል። ከሦስቱም በፊት ግን ከሁሉ የሚበዛውን ምክንያት አጣሩ፦ አውሮፕላኑ ካርታው ላይ አለ፣ እኛ የምንፈልገው ሌላ ቦታ ነው።

ድምፁ ከዚህ ይመጣል፣ እዚህ ግን ምንም የለም

ምክንያቱ የድምፅ ፍጥነት ነው። 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን ድምፁ ጆሯችን እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሄዷል። ድምፁ ወደመጣበት ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ ወደፊት ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የዓይን ግምት ነው። ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሚታይ፣ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን «እዚሁ በላያችን» ይመስላል፤ ካርታ ላይ ግን 19 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ዝቅ ብሎ የሚታየው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ስለዚህ ካርታውን ወደ ሰፈራችሁ ከማጥበብ ይልቅ ቢያንስ 50 ኪሎ ሜትር ዙሪያውን እስኪያሳይ አስፉት፣ ከዚያ አቅጣጫውን አዛምዱ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተገኘ፣ ትናንት ያበራችሁት ማጣሪያ ዛሬም በርቶ እንደሆነ እዩ። «ወታደራዊ ብቻ አሳይ» ብሎ ረስቶ ሰማዩ ባዶ ሆነ የሚል ሰው ብዙ ነው።

በዓይን ይታያል፣ ካርታው ላይ ግን በፍጹም የለም

እዚህ ላይ መላ ምት አያስፈልግም። ሁለት ነገር ማወዳደር በቂ ነው።

የመጀመሪያው ሁለት የተለያዩ መከታተያዎችን ጎን ለጎን መክፈት ነው። አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ተደብቋል ማለት ነው። በአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ላድ የሚባል ፕሮግራም አለው፦ ባለንብረቱ ከጠየቀ፣ መረጃውን ከመንግሥት የሚወስዱ መከታተያዎች ያንን አውሮፕላን ለሕዝብ አያሳዩም። ትልልቆቹ የንግድ መከታተያዎች ይህን ያከብራሉ። ኤዲኤስ-ቢ ኤክስቼንጅ ግን ከጅምሩ የታወቀው ባለመደበቁ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ጄትኔት ለተባለ ኩባንያ ሲሸጥ ብዙ በጎ ፈቃደኞች ቅር ተሰኝተው አንቴናቸውን እንደ ኤርፕሌንስ ላይቭ እና ኤዲኤስ-ቢ ኤፍአይ ወዳሉት አዞሩ። የግል ጄት ወይም የጦር አውሮፕላን የሚፈልግ ሰው ከነዚህ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ፍላይትራዳር24ን ለመንገደኛ አውሮፕላን ያስቀምጠው።

ሁለቱም ላይ ከሌለስ? ሁለተኛው ማወዳደሪያ ሌሎች አውሮፕላኖች ናቸው። በአካባቢያችሁ ለማረፍ የሚወርዱትን ተከታተሉ። ሁሉም ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ሲደርሱ፣ ለምሳሌ 5,000 ጫማ አካባቢ፣ የሚጠፉ ከሆነ ጥፋቱ የአውሮፕላኑ አይደለም፤ ከዚያ በታች የሚሰማ አንቴና የለም። ይህ ሞገድ ቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው። በ35,000 ጫማ የሚበር አውሮፕላን ከ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ሊሰማ ይችላል። በ3,000 ጫማ የሚበር ግን ተራራ ባይጋርደው እንኳ ከ120 ኪሎ ሜትር ግድም በኋላ ከአድማስ በታች ይሆናል፤ ተራራና ሕንፃ ካለ ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። ሄሊኮፕተሮች ቶሎ ቶሎ የሚጠፉት ለዚህ ነው።

የዚህ መድኃኒቱ አንቴና መትከል ነው። የአገራችሁ ሕግ መቀበያ መያዝን የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የሚያስፈልገው በዩኤስቢ የሚሰካ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባል ርካሽ የሬዲዮ መቀበያ፣ ራስበሪ ፓይን የመሰለ ትንሽ ኮምፒውተርና ለ1090 ሜጋኸርዝ የተሠራ አንቴና ነው። የሞገዱ ርዝመት 27 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ፣ የሩብ ሞገድ አንቴና ሽቦ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚረዝመው። ውድ አንቴና ገዝቶ መስኮት ሥር ከማስቀመጥ ርካሹን ጣሪያ ላይ መትከል ይበልጣል። ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ይደክማል፤ ስለዚህ መቀበያውን ወደ አንቴናው አስጠጉት። መረጃ ለሚልክላቸው ሰው አብዛኞቹ መከታተያዎች የሚከፈልበትን አገልግሎት በነፃ ይሰጣሉ።

ሌሎች አውሮፕላኖች እስከ ማኮብኮቢያው ድረስ እየታዩ የእናንተው ብቻ ከጠፋ፣ አልተናገረም ማለት ነው። ይህ ወንጀል ወይም ምሥጢር ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በአውሮፓ የኤዲኤስ-ቢ ግዴታ የሚመለከተው ከ5,700 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑትን ወይም ከ250 ኖት (በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር) በላይ መጓዝ የሚችሉትን ነው። በአሜሪካም ከጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ የሆነው በተወሰኑ የአየር ክልሎች ነው፤ እዚያ ከ18,000 ጫማ በታች የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ በ1090 ፈንታ በ978 ሜጋኸርዝ ማሰራጨት ይችላሉ፣ እሱን የሚሰሙት አንቴናዎች ጥቂት ናቸው። ብዙ ግላይደሮች (ያለ ሞተር የሚንሳፈፉ አውሮፕላኖች) ፍላርም የሚባል የራሳቸው መሣሪያ ስላላቸው ኦፕን ግላይደር ኔትወርክ ላይ ፈልጓቸው። የጦር አውሮፕላን ሲፈልግ ትራንስፖንደሩን ያጠፋዋል፤ ለዚህ መፍትሄ የለውም፣ አይናችሁንና ካሜራችሁን ተጠቀሙ።

በመሀል ያለ አንድ ሁኔታ አለ። አሮጌ ትራንስፖንደር ማንነቱንና ከፍታውን ይናገራል፣ ቦታውን ግን አይናገርም። እንዲህ ያለውን ቢያንስ አራት አንቴናዎች በአንድ ጊዜ ከሰሙት፣ ምልክቱ ለእያንዳንዳቸው የደረሰበትን የጊዜ ልዩነት በማስላት ቦታው ይገኛል። ዘዴው ኤምላት ይባላል። ካርታችሁ ላይ ኤምላት የሚል ምርጫ ካለ መብራቱን አረጋግጡ፤ ብዙ አስደናቂ አውሮፕላን እዚያ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ካርታው ላይ አለ፣ ማንነቱ ግን አይታወቅም

የበረራ ቁጥር የለውም፣ ዓይነቱም ባዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ሄክስ ኮዱን ፈልጉ። እያንዳንዱ ትራንስፖንደር ስድስት ፊደልና ቁጥር የያዘ አድራሻ አለው፤ መነሻው የተመዘገበበትን አገር ይናገራል። «AE» በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ለምሳሌ የአሜሪካ ጦር ነው። ኮዱን በሌላ መከታተያ ብትፈልጉት ብዙ ጊዜ ስሙ ይገኛል። አንዳንድ የግል ባለንብረቶች በአሜሪካ ጊዜያዊ አድራሻ መውሰድ ስለሚፈቀድላቸው፣ በእነሱ ላይ ይህም አይሠራም።

ስሙ ተጽፎ ስህተት የሚሆንበትም አለ። የመረጃ ቋቱ ያረጃል፣ ፓይለቱ ያለፈውን የበረራ ቁጥር ሳይቀይር ይነሳል። ፎቶ አንስታችሁ የሞተሩን ብዛትና የክንፉን ቅርጽ አመሳክሩ።

ብርቅዬ አውሮፕላን የሚጠብቅ ሰው በስም ሳይሆን በዓይነት ኮድ ማስጠንቀቂያ ያዘጋጅ። ግዙፉ ጭነት ጫኝ አንቶኖቭ 124 ኮዱ «ኤ124» ነው፤ የኤርባስ ክፍሎችን የሚያጓጉዘው ሆዳሙ ቤሉጋ ኤክስኤል «ኤ337» ነው፣ የተሠሩትም ስድስት ብቻ ናቸው። ድሪምሊፍተር የሚባሉት የቦይንግ ግዙፍ ጭነት ጫኞች ደግሞ አራት ናቸው። አንቶኖቭ 225ን ግን አትጠብቁ። ለበረራ የበቃው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ዩክሬን ውስጥ ሆስቶሜል ላይ ወድሟል፤ ዛሬ ካርታ ላይ ቢታይ የመረጃ ስህተት ወይም የሰው ቀልድ ነው።

ዱካው እንግዳ ነው

ሰውን ከሁሉ የሚያስጠረጥረው ይህ ነው፣ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነው። እንደ እርሻ ትልም ወዲያና ወዲህ የተመላለሰ ዱካ የካርታ ወይም የቅየሳ ፎቶ ማንሻ ነው። ወደ አንድ ማኮብኮቢያ ደጋግሞ ወርዶ ሳያርፍ የሚነሳው የልምምድ በረራ ወይም የማረፊያውን መሣሪያዎች የሚፈትሽ አውሮፕላን ነው። ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ የሚዞር፣ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ሊሆን ይችላል። በአንድ ሜዳ ላይ እየዞረ ወደ 13,000 ጫማ ገደማ ወጥቶ በፍጥነት የሚወርድና ይህንኑ የሚደጋግም፣ ፓራሹት ዘላዮችን የሚያወጣ ነው። ከፍ ብሎ ረጅም ሞላላ የሚሠራው ነዳጅ ቀጂ ወይም ቃኚ የጦር አውሮፕላን ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ መጓጓት ይፈቀዳል። ሥዕል የሚሥሉም አሉ፦ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 አንድ ቦይንግ 787 ለ18 ሰዓት በዘለቀ የሙከራ በረራ የራሱን ቅርጽ በአሜሪካ ላይ ሥሏል።

ከዱካው ጋር ከፍታና ፍጥነቱን አብራችሁ አንብቡ። ከ60,000 ጫማ በላይ ሆኖ በነፋስ ፍጥነት የሚንሳፈፍ ባሉን ነው። እዚያው ከፍታ ላይ በጄት ፍጥነት የሚሄድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የናሳው የምርምር አውሮፕላን ኢአር-2፣ ፎቶ አንሱለት።

አውሮፕላኑ ይዘላል፣ ወይም መኖር የሌለበት ቦታ ይታያል

ጥያቄው «እሱ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም?» ነው። በአካባቢው ያሉት ሁሉ አብረው ከዘለሉ ጂፒኤስ እየታወከ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን የሚበሩ ብዙ አውሮፕላኖች ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንዳሉ ሆነው ይታዩ ነበር፤ አውሮፕላኑ የሚናገረው ጂፒኤሱ የነገረውን ስለሆነ ካርታውም ያንኑ ይደግማል። ጂፒኤስጃም የሚባለው ካርታ የትኛው ቀን የት እንደታወከ በቀለም ያሳያል። አንዱ ብቻ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተንቀጠቀጠ የኤምላት ስሌት ነው፣ ተዉት።

በውቅያኖስ ላይ ቀጥ ብሎ ያለ አንዳች ለውጥ የሚሄድ ዱካ ደግሞ ግምት ሊሆን ይችላል። መከታተያው ምልክቱ ከጠፋበት ጀምሮ በራሱ እየሳለ ነው። መስመሩ በሌላ ቀለም ወይም በነጠብጣብ ቢሳልም ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ሰማዩ ጭር ብሎ ካርታው «አለ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። የምልክቱን ምንጭ የሚገልጸውን ሳጥን ሳታዩ አትመኑት።

ቁጥሩ የማይታመን ነው

መንገደኛ አውሮፕላን በሰዓት 1,200 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ብታዩ ከድምፅ አልፈጠነም። የሚታየው ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ነው፣ ከኋላው ጄት ስትሪም የሚባለው የላይኛው ነፋስ እየገፋው ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ከፍታም ብልሽት አይደለም። ትራንስፖንደሩ ከፍታን የሚያሰላው የአየር ግፊቱ ሁልጊዜ 1013.25 ሄክቶፓስካል ነው ብሎ ነው፤ ግፊቱ 1030 በሆነ ቀን ባህር ዳርቻ ላይ የቆመ አውሮፕላን ከ400 ጫማ በላይ ከዜሮ በታች ያሳያል።

7700 እያለ ቀይ ሆነ

ፓይለቱ ትራንስፖንደሩ ላይ ከሚሞላቸው ባለ አራት አሃዝ ኮዶች 7500 ጠለፋ፣ 7600 የሬዲዮ ብልሽት፣ 7700 ጠቅላላ አደጋ ነው። 7700 ሲበራ የታመመ መንገደኛ ወይም የሞተር ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው በሰላም ያርፋል። ለአፍታ ብቻ የበራ 7500 ቁጥሩ በሚቀየርበት ጊዜ በመሀል የታለፈ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላኑ ሳያርፍ «ተጠለፈ» ብሎ የሚያሰራጭ ሰው ላይ ትዕግሥት የለኝም።

ገጹ አይከፈትም፣ ወይም ስደርስ አልፏል

ታዋቂ በረራ ሲኖር መከታተያው ራሱ ይጨናነቃል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የያኔዋን የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲን ወደ ታይዋን የወሰደውን በረራ በፍላይትራዳር24 ከ2.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተከታትለውታል፣ አገልግሎቱም ተንገዳግዷል። በዚያ ሰዓት ገጹን ደጋግሞ ከማደስ ሌላውን መክፈት ይሻላል።

ካለፈ በኋላም አልጠፋም። ያያችሁበትን ደቂቃ፣ አቅጣጫውንና ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ወዲያው ጻፉ፤ ከዚያ የቀደመውን በረራ የሚያጫውተውን ክፍል ክፈቱ። ሰዓቱ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት ስለሆነ የእናንተን ሰዓት መጀመሪያ ወደ እሱ ቀይሩት፣ ቀኑም ሊለወጥ ይችላል። ብልጭ ድርግም ሳይል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰማዩን ያቋረጠ ነጭ ብርሃን ከሆነ ያያችሁት፣ በበረራ ካርታ አትፈልጉት፤ የሳተላይት መከታተያ ከፍታችሁ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በዚያ ሰዓት በላያችሁ አልፎ እንደሆነ እዩ።