ውሃው ለምን አልሞቀም? የቦይለርና የሂተር ስማርት ማብሪያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ክረምቱ ዝናብና ጭጋግ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነው። ቤቶቻችን ውስጥ በየግድግዳው ሙቅ ውሃ የሚያዞር መስመር የለም። ማሞቂያ ስንል ሁለት ነገር ነው፦ የመታጠቢያ ቤቱ ቦይለርና ከክፍል ክፍል የምናዞረው ሂተር።

እናቴ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ለመድረስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትታጠባለች። ቦይለሩን ለማብራት ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት በብርድ ትነሳ ነበር። ይህን ለማስቀረት ብዬ ቦይለሩም ሂተሩም ላይ ከስልክ የሚታዘዝ ስማርት ማብሪያ አስገባሁ። ዕቃው ጥሩ ነው። ግን እስኪስተካከል ድረስ ያየሁት ብዙ ነው። እናንተም ቤት ተመሳሳይ ነገር ከገጠማችሁ፣ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ፕሮግራሙ ተሞልቷል፣ ጠዋት ግን ውሃው ቀዝቃዛ ነው

መጀመሪያ ሰዓቱን ተጠራጠሩ። የመጀመሪያው እሁድ እናቴ ደውላ «ልጄ፣ ውሃው እኮ በረዶ ነው» አለችኝ። ቦይለሩም፣ ማብሪያውም፣ መብራቱም ደህና ነበሩ። ጥፋቱ የሰዓት አቆጣጠሩ ነበር። እኛ ሌሊት 9 ሰዓት የምንለውን ማብሪያው 03:00 ነው የሚለው። 9 ብላችሁ ከሞላችሁ የሚበራው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ቅዳሴው አልቋል።

ልዩነቱ ሁልጊዜ 6 ሰዓት ነው፤ ደቂቃው አይለወጥም። ሌሊት 9 ሰዓት 03:00፣ ሌሊት 10 ሰዓት 04:00፣ ጠዋት 12 ሰዓት 06:00፣ ምሽት 1 ሰዓት 19:00 ነው። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቦይለሩ አጠገብ ለጥፉት። እኔ ለጥፌዋለሁ፤ ታናሽ እህቴ አሁን ማንንም ሳትጠይቅ ትሞላለች።

ቀኑም ያሳስታል። እኛ «ቅዳሜ ሌሊት፣ ለእሁድ አጥቢያ» እንላለን። ስልኩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እሁድ ገብቷል። ስለዚህ ለቅዳሴው የሚመረጠው ቀን እሁድ ነው። ቅዳሜን ከመረጣችሁ ቦይለሩ አንድ ቀን ቀድሞ ውሃ አሙቆ ይጠብቃችኋል።

ሁሉንም በትክክል ሞልታችሁ አሁንም ካልሠራ፣ መተግበሪያው ውስጥ የሰዓት ክልሉን ተመልከቱ። የኛ ጂኤምቲ +3 ነው። አንዳንዱ ማብሪያ ከካርቶኑ ሲወጣ በቻይና ሰዓት፣ ማለትም በጂኤምቲ +8 ላይ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር 5 ሰዓት ቀድሞ ይሆናል።

ሰዓቱ ልክ ነው፣ ውሃው ግን ለብ ብሎ ይቀራል

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ማነስ ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 1,500 ዋት ኤለመንት (በርሜሉ ውስጥ ሆኖ ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል) ይህን በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይጨርሳል። ይህ ግን ቮልቴጁ 220 ከሆነ ነው። አንድ ምሽት 2 ሰዓት ላይ በቴስተር ስለካ 180 አገኘሁ። ቮልቴጅ ሲወርድ ኃይሉ በዚያው ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው የሚወርደው። በ180 ቮልት ያ ኤለመንት 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ጊዜውም ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሄዳል።

መፍትሄው ሰፈሩ ሁሉ ወጥ በሚሠራበት ሰዓት ቦይለር አለማብራት ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ ቮልቴጁ ይሻላል። የእናቴን ቦይለር ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል (02:30) እንዲበራ፣ 11 ሰዓት (05:00) እንዲጠፋ አድርጌዋለሁ። እስካሁን ውሃው ቀዝቅዞ አያውቅም። ቮልቴጁን ስትለኩ ቦይለሩ እየሠራ መሆን አለበት። ጠፍቶ ሲለካ 215 የሚል መስመር ጭነት ሲበዛበት ሊወድቅ ይችላል። ደግሞ ለዚህ ብላችሁ ስታቢላይዘር አትግዙ። ለቴሌቪዥን የተሠራው ይህን ጭነት አይችልም።

ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ኤለመንቱ ላይ የኖራ ቅርፊት ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ውሃው ሲሞቅ እንደ ድስት መንጫጫቱ ነው። ባለሙያ ፈትቶ ያጽዳው። በዚያው የማግኒዥየም ዘንጉንም ይይላችሁ፤ ካለቀ በርሜሉ ራሱ ነው የሚዝገው።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ፕሮግራሙ ይረሳል

አብዛኞቹ ማብሪያዎች ውስጥ ባትሪ ያለው ሰዓት የለም። መብራት ሲመለስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የሚጠይቁት። ዋይፋዩ ካልተነሳ ወይም ጥቅሉ ካለቀ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቁም፤ ስለዚህ ዝም ይላሉ። ለዋይፋዩ ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ማድረግ ይረዳል።

መተግበሪያው ውስጥ «መብራት ሲመለስ ምን ይሁን» የሚል ምርጫ አለ። ለቦይለር «ይጥፋ» የሚለውን ምረጡ። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ውሃም አብሮ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ማብሪያው ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ይላል

እነዚህ ዕቃዎች በብዛት የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ስልካችሁ በ5 ጊጋኸርዝ ከተያያዘ ላይተያዩ ይችላሉ። በዋይፋዩ ሴቲንግ 5ቱን ለጊዜው አጥፉና ሞክሩ።

ማብሪያው ይግላል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል

ወዲያው ከብሬከሩ አጥፉ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። 2,000 ዋት ሂተር ከ9 አምፔር በላይ ይስባል። ማብሪያው 10 አምፔር ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ጫፍ ላይ ነው የሚሠራው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ያንን ነበር፤ በሦስት ሳምንት ጠርዙ ጠቆረ። 16 አምፔር ግዙ። ቦይለር በስፒናና በማከፋፈያ ሳይሆን በራሱ ብሬከርና በ2.5 ካሬ ሽቦ ይያዝ። ብሎኖቹ መጥበቃቸውንም በካቻቢቴ አረጋግጡ፤ የላላ ሽቦ ከከባድ ጭነት እኩል ያቃጥላል።

ብሬከሩ ራሱ እየወደቀ ካስቸገረ ደግሞ ደምሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ፣ ሂተር 2,000፣ ቦይለር 1,500። በአንዴ ከበሩ ወደ 32 አምፔር ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት ከፕሮግራሙ ውጭ አድርጉት።

ሻወሩን ስትነኩ ይነዝራል

እዚህ ላይ ምንም ነገር ራሳችሁ አትሞክሩ። ብሬከሩን አውርዱ፣ ማንም እንዳይታጠብ፣ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ብዙውን ጊዜ ኤለመንቱ ተሰንጥቆ መብራቱ ወደ ውሃው ገብቷል፤ ኤርዝም (የሚያፈስ መብራትን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የለም ማለት ነው። ስማርት ማብሪያ ይህን አይከላከልም። ከስልክ «ጠፍቷል» ቢል እንኳ ብዙዎቹ የሚቆርጡት አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ኤለመንቱ ይቀየር፣ ኤርዝ ይዘርጋ፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ይግባ። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም።

ከቦይለሩ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል

ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ጤነኛ ነው። 50 ሊትር ውሃ እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.8 ሊትር ይሰፋል፤ የሚወጣው ግፊት ሲበዛ በሚከፈተው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። የመጣልን ቧንቧ ሠራተኛ ይህን ብልሽት ነው ብሎ ቀዳዳውን ሊደፍነው ነበር። እባካችሁ እንዳታስደፍኑት። ግፊቱ መውጫ ካጣ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ትንሽ ቱቦ አስገብታችሁ ወደ ፍሳሹ ውሰዱት። በወር አንዴ እጀታዋን አንሱና ውሃ መውጣቱን እዩ። ቀዝቃዛ ሆኖም ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ቫልቩ ይቀየር።

ይህችው ቫልቭ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስም ትይዛለች። ካረጀች፣ ውሃ በጠፋ ቀን በርሜሉ ወደ መስመሩ ተመልሶ ይጎድላል፤ ኤለመንቱም በባዶው ይቃጠላል። በዓመት ሁለት ኤለመንት የቀየረ ሰው መጠርጠር ያለበት እሷን ነው። ውሃ በራቀ ሰሞን ፕሮግራሙን ከስልክ አቁሙት።

ሂተሩ ቶሎ ይጠፋል፣ ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነው

ሙቀት የሚለካው ቴርሞስታት ሶኬቱ ላይ፣ ሂተሩ አጠገብ ከሆነ የሚለካው የሂተሩን ሙቀት ነው። መለኪያው ለብቻው የሚቀመጥ ዓይነት ይሻላል። ከበርና ከመስኮት ራቅ አድርጋችሁ፣ በሰው ደረት ቁመት ግድግዳ ላይ ስቀሉት። 18 ወይም 19 ዲግሪ ይበቃል።

በተቃራኒው ሂተሩ ሳይጠፋ የሚያድር ከሆነ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ነው የሚሰደው። የእናቴን መኝታ ቤት ኮርኒስ አስመትቼ የበሩን ሥር በጨርቅ ስደፍን፣ ሂተሩ በፊት ከሚሠራበት ጊዜ ግማሹን እንኳ አይሠራም። ሽቦው ቀይ ሆኖ የሚነድ ሂተር ግን ከሩቅ በስልክ አታብሩ፤ መጋረጃ ወይም ጋቢ ሊይዝ ይችላል።

መብራት በጠፋ ሌሊት ከሰል ያለበት ምድጃ ወደ ተዘጋ መኝታ ቤት አታስገቡ። ጋዙ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ላይ እንዳላችሁ ይገድላል። እናቴ ጋ ለዚያ ቀን ብለን ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስና ሙቅ ውሃ የሚይዝ የላስቲክ ከረጢት አስቀምጠናል። ምድጃው በረንዳ ላይ ይቀራል።