የተጨማደደ የአሉሚኒየም ጀልባ ገላ ሳይሰነጠቅ ማቃናት

የጀልባችን አፍንጫ ከድንጋይ ተላትሞ ተጨማዶ ነበር። በመዶሻ ልናቃናው ስንሞክር እጥፋቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። መፍትሔውን ያገኘሁት ብሉበርድ ኬ7 ከተባለች የፍጥነት ጀልባ ታሪክ ነው።

እንግሊዛዊው የፍጥነት ተወዳዳሪ ዶናልድ ካምቤል በዚህች ጀልባ በ1964 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በሰዓት 444 ኪሎ ሜትር ከንፎ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ1967 እንግሊዝ አገር ኮኒስተን ሐይቅ ላይ ተገልብጣበት ሞተ። ስብርባሪዋ በ2001 ከሐይቁ ወጣ፣ በጎ ፈቃደኞችም ለዓመታት ደክመው በ2018 ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ፋድ ላይ እንደገና አስከነፏት። እኔን የማረከኝ ሁሉን በአዲስ ከመተካት ይልቅ የተቻላቸውን ያህል የጥንቱን ቆርቆሮ አቃንተው መመለሳቸው ነው። ቆርቆሮው ቢርማብራይት የሚባል የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ የድሮ ላንድሮቨር ገላም ከዚሁ ይሠራ ነበር።

እንዲህ ያለ ቅይጥ ሲታጠፍ ይደርቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሙቀት ማለስለስ ግድ ነው። ችግሩ አሉሚኒየም ሲግል አለመቅላቱ ነው፤ ምልክት ሳይሰጥ ይቀልጣል። ቆርቆሮውን የሚያያይዙትን ሪቬቶች (የብረት ምስማሮች) በመሰርሰሪያ አውጥተን ቆርቆሮውን ከነቀልን በኋላ የሙቀቱ ምልክት እንዲሆነን የልብስ ሳሙና ቀባነው። የጋዙን ነበልባል አንድ ቦታ ሳናቆም አሞቅነው፤ ሳሙናው ቡናማ ሆኖ ሊጠቁር ሲል እሳቱን አነሳን። ሲቀዘቅዝ ለእንጨት መዶሻ እሺ አለ። ሲቀጠቀጥ መልሶ ስለሚደርቅ፣ መዶሻው መንጠር ሲጀምር ሳሙናውንና እሳቱን ደገምን። የስንጥቁን ጫፍ በቀጭን መሰርሰሪያ ስለበሳነው ከዚያ አላለፈም።

ቆርቆሮውን ከውስጥ የሚደግፈው የጀልባው አጥንት ግን ብዙ ጊዜ በሙቀት ከጠነከረ ቅይጥ ስለሚሠራ እንዲህ ሲሞቅ ጉልበቱን ያጣል፤ እሱን እሳት አታስነኩት።