የትንሽ ባለሸራ ጀልባን የጉዞ አቅም እንዴት መረዳት ይቻላል

አንድ ባለሸራ ጀልባ ሲወደስ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፍጥነቱ ነው። ከባህር ዳርቻ ሳይርቅ ለሚጓዝ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ነፋሱ ወደ የብስ እየገፋ ባለበት ሰዓት ይህ ጀልባ ነፋሱን ተቃርኖ ወደ ጥልቁ ሊወጣ ይችላል ወይ? መልሱ በሻጭ ወረቀት ላይ አይገኝም። ሜትር፣ ካልኩሌተር፣ ኮምፓስ፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክና አንድ ደብተር ካላችሁ ግን ራሳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ።

1. የፍጥነቱን ጣሪያ አስሉ

ጀልባው የተለመደ ጭነቱን ይዞ በረጋ ውሃ ላይ ሲቆም ከፊት እስከ ኋላ ውሃው የሚነካውን ርዝመት ለኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ለዚህ አይሆንም። የለካችሁትን ሜትር ስኩዌር ሩት አውጥታችሁ በ2.43 ስታባዙት የፍጥነቱን ጣሪያ በኖት፣ ማለትም በሰዓት በሚሄደው የባህር ማይል፣ ታገኛላችሁ። 6 ሜትር ከሆነ ወደ 6 ኖት ይጠጋል፤ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጣሪያውን የሚያበጀው ጀልባው ራሱ የሚፈጥረው ማዕበል ነው። ፍጥነት ሲጨምር በማዕበሎቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ርቀቱ ከጀልባው ርዝመት ጋር ሲተካከል የጀልባው ፊት በአንዱ ማዕበል፣ ኋላው በሚቀጥለው ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ ለመፍጠን የራሱን ማዕበል ሽቅብ መውጣት አለበት። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች እየሞከረ ያጠናው ይህንኑ ነው። ቀላል ጀልባ ማዕበል ከኋላ ሲገፋው ጣሪያውን ለአፍታ ሊያልፍ ይችላል። ከባዱ ግን ነፋስ ቢጨመርበት ይጋደላል እንጂ እምብዛም አይፈጥንም።

2. ሸራውን ከክብደቱ ጋር አነጻጽሩ

የጀልባውን ክብደት በኪሎ ግራም ለ1025 አካፍሉ፤ የአንድ ሜትር ኩብ የባህር ውሃ ክብደት ነው። ውጤቱን በራሱ አባዙና ኩብ ሩቱን አውጡ። በመጨረሻ የሸራውን ስፋት በካሬ ሜትር ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። 1500 ኪሎ የሚመዝንና 22 ካሬ ሜትር ሸራ ያለው ጀልባ 17 ያህል ይወጣዋል። ከ16 እስከ 20 ያለው ለሁሉም የሚሆን ነው። ከ15 በታች ያለው ነፋስ ሲቀንስ ይሰንፋል፤ ከ20 በላይ ያለው ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ሸራውን ቶሎ ማሳጠር ይጠይቃል።

ክብደት ስንል ባዶውን ጀልባ ማለታችን አይደለም። እዚያው ጀልባ ላይ አራት ሰው ማለትም 300 ኪሎ ያህል ቢጨመር 17 የነበረው ወደ 15 ይወርዳል። ሸራው ሳይነካ የጀልባው ጠባይ ተለወጠ ማለት ነው።

3. ነፋሱን ተቃርኖ ሲወጣ ፈትኑት

ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ፈተና ይህ ነው። ነፋሱ ከ8 እስከ 12 ኖት የሆነበትና የማይዋዥቅበትን ቀን ምረጡ። በፊተኛው ሸራ ላይ ከፊት ጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በሁለቱም ገጽ አጫጭር የሱፍ ክሮች ለጥፉ። ሁለቱም ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ከፈሰሱ ሸራው በትክክል ተይዟል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ክር ከተርገበገበ የሸራውን ገመድ ሳቡ፣ ወይም የጀልባውን ፊት ከነፋሱ ትንሽ አርቁ። ማዶ ያለው ከተርገበገበ ገመዱን አላሉ፣ ወይም ወደ ነፋሱ ቅረቡ። የማዶው ክር ሲወድቅ ችላ አትበሉ፤ ሸራው ጀልባውን ወደፊት መሳቡን ትቶ ወደ ጎን እየገፋው ነው።

አሁን የነፋሱን አቅጣጫ እወቁ። በአንዱ ጎን ነፋስ ይዛችሁ ጉዞው ሲረጋ ኮምፓሱን አንብቡ፤ ዞራችሁ በሌላው ጎንም አንብቡ። የልዩነቱ ግማሽ ከነፋሱ ጋር ያላችሁ ማዕዘን ነው፤ ነፋሱም የሚመጣው ከሁለቱ ንባቦች መካከል ነው። ከዚያ በተለያየ ማዕዘን እየሄዳችሁ ፍጥነት መዝግቡ። አንድ ጀልባ በ40 ዲግሪ 3.8፣ በ45 ዲግሪ 4.6፣ በ50 ዲግሪ 4.9 ኖት ሄደ እንበል። እያንዳንዱን ፍጥነት በማዕዘኑ ኮሳይን ስናባዛ በቀጥታ ወደ ነፋሱ ያተረፈው 2.9፣ 3.3 እና 3.1 ይሆናል። በ40 ዲግሪ የሄደው ፊቱ ወደ መድረሻው ስለቀረበ የቀደመ ይመስለዋል፤ ኋላ የሚቀረው ግን እሱ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ከጀልባው ሆድ ሥር እንደ ክንፍ ወደ ውሃው የወረደው ኪልም ውሃውን የመያዝ አቅሙ ስለሚዳከም ጀልባው ወደ ጎን የበለጠ ይንሸራተታል።

መንሸራተቱን ለማየት ወደ ኋላ ዞራችሁ ጀልባው ውሃው ላይ የተወውን ዱካ ተመልከቱ። በዱካውና በጀልባው መሃል መስመር መካከል ያለው ማዕዘን አራት አምስት ዲግሪ ቢሆን ደህና ነው። አሥር ከደረሰ ወይ ሸራው በዝቷል፣ ወይ አርጅቶ ሆዱ ሰፍቷል፣ ወይ ከልክ በላይ ወደ ነፋሱ ተጠግታችኋል።

ጂፒኤስ የሚነግራችሁ ከባህሩ ወለል አንጻር ያለውን ፍጥነት ስለሆነ የውሃው ፍሰት ያሳስታችኋል። ነፋሱን ከጎን አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ሂዱ፣ በዚያው መስመር አምስት ደቂቃ ተመለሱ፤ የሁለቱ አማካይ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

4. ጀልባው ሲጋደል ምን እንደሚያጣ እዩ

የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ10 ወደ 14 ኖት ሲወጣ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ጀልባው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲጋደል ፊቱን ወደ ነፋሱ ለማዞር ይታገላል፤ እናንተም የመሪውን እጀታ በኃይል ትይዛላችሁ። ያ ጠምዝዛችሁ የያዛችሁት መሪ ውሃ ውስጥ ፍሬን ነው። ፍጥነቱን መዝግቡ፣ ዋናውን ሸራ አንድ እርከን አሳጥሩ፣ እንደገና መዝግቡ። ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ባለበት ይቆያል፤ አንዳንዴም ይጨምራል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ሸራ ለማሳጠር አያቅማማም።

ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ ስትሄዱም ተጠንቀቁ። በ10 ኖት ነፋስ 5 ኖት ስትጓዙ የሚሰማችሁ 5 ኖት ብቻ ነው። በዚያው ፍጥነት ወደ ነፋሱ በ45 ዲግሪ ስትዞሩ 14 ይሆናል። ሸራውን ከመዞራችሁ በፊት አሳጥሩ።

የጀልባው ሆድ ንጹሕ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ስስ አረንጓዴ ዝቃጭ እንኳ ፍጥነት ይበላል። መልሕቅና ሰንሰለትን የመሰለ ከባድ ዕቃ ከጫፎቹ ወደ መሃል አምጡ።

5. ደብተሩን ሥራ ላይ አውሉት

በየጉዞው የነፋሱን ፍጥነት፣ ማዕዘኑን፣ የተዘረጋውን ሸራ፣ የማዕበሉን ሁኔታና ፍጥነታችሁን ጻፉ። ሞገድ ባለበት ቀን የተገኙትን ቁጥሮች ለብቻ ያዙ፤ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ትንሽ ጀልባን ክፉኛ ያዘገያል። ወደቡ በቀጥታ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል 9 የባህር ማይል ቢርቅና ጀልባችሁ በዚያ ዓይነት ባህር ወደ ነፋሱ የሚያተርፈው 2 ኖት ብቻ ቢሆን፣ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ለመመለስ የምትነሱበትን ሰዓት ከዚህ ተነስታችሁ ወስኑ።