ሞተርሆም ሲጋጭ ካሳ ልጠይቅ ወይስ ይቅር? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሞተርሆም መኪናም ቤትም ነው። ሲጋጭ ታዲያ "ኢንሹራንስ ልጠይቅ ወይስ ከኪሴ ላሠራው?" የሚለው ጥያቄ ከሌላው መኪና ይልቅ ይከብዳል።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ጉዳቱን በዓይን ብቻ ገምቶ መወሰን ነው። የብዙ ሞተርሆሞች ግድግዳ ከውጭ ስስ ፋይበርግላስ ወይም አሉሚኒየም፣ መሃሉ ፎም፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔንሳቶ ሆኖ በሙጫ የተጣበቀ ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ የጣሪያውን ጠርዝ ቢመታው ከታች የምታዩት ጭረት ብቻ ሊሆን ይችላል። ላይ ግን የመጋጠሚያው ማሸጊያ ከተሰነጠቀ ዝናብ ይገባል። ውሃው ሙጫውን ያላቅቃል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ግድግዳውን ያሳብጣል። ይህ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ካሳ ብትጠይቁ "ቀስ በቀስ የገባ እርጥበት ነው" ተብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ አብዛኛው ውል እንዲህ ያለውን አይሸፍንም። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚያይ፣ ግድግዳውን በእርጥበት መለኪያ የሚፈትሽ ባለሙያ ፈልጉ። እናንተም ከተመታው ቦታ በታች ያሉትን ቁምሳጥኖች ከፍታችሁ ጥጋጥጉን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉት። ከለሰለሰ ውሃ ገብቷል።

ሁለተኛው የሒሳብ ስህተት ነው። ጥገናው 1,000፣ በውሉ መሠረት እናንተ የምትከፍሉት ድርሻ 800 ቢሆን፣ የምታገኙት 200 ብቻ ነው። ካሳ ባለመጠየቃችሁ የሚሰጣችሁ ቅናሽ ከቀረ ወይም አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ክፍያ) ከጨመረ፣ 200ዋ በአንድ የውል እድሳት ልታልቅ ትችላለች። እንዲህ ከሆነ ከኪስ ማሠራቱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ማሳወቅና ካሳ መጠየቅም አንድ አይደሉም። ብዙ ውሎች ካሳ ባትፈልጉም አደጋውን ቶሎ አሳውቁ ይላሉ። ውላችሁን አንብቡ።

ሌላ ሰው ካለበት ደግሞ "እዚሁ እንጨርሰው" አትበሉ። ዛሬ ደህና ነኝ ያለ ሰው ነገ አንገቴን አመመኝ ሊል ይችላል፣ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ሰው ከተጎዳ ማመንታት አያስፈልግም፤ ለፖሊስም ለኢንሹራንስም ወዲያው አሳውቁ።

ፎቶ ሳያነሱ መጠገንም ሌላው ስህተት ነው። መጀመሪያ ከቅርብም ከሩቅም አንሱ፣ የተሰበረውን ክፍል አትጣሉ። ውሃ የሚያስገባውን ቀዳዳ ግን በሸራና በቴፕ ቶሎ ሸፍኑት፤ ጉዳቱ እንዳይብስ ማድረግ የእናንተ ግዴታ ነው። የሸራውን ደረሰኝ ያዙ፤ ካሳ ከጠየቃችሁ ሊታሰብላችሁ ይችላል።